መሀሉ ላይ ያለው የሸሚዝ ኪስ

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ የሌሊት ፈረቃውን ለመደው? ጥርስ የምታበቅለው ትንሿስ ታስተኛሻለች? እኛ ደህና ነን ብልሽ ሐዘኑ ራሱ ይታዘበኛል፤ ቆመን ግን እንሄዳለን። ቧንቧውም እንደምታውቂው ደረቅ ነው።

ወንድም ጋሼ ውሃ ይለቀቅልን ብለን በወጣንበት ሰልፍ ላይ በዱላ ተመትቶ ከሞተ ወዲህ የስፌት መኪናው ተከድኖ ነበር። ሰልፈኛው የሚይዘውን ትልቅ ጨርቅ ከየቤቱ ቁራጭ እየለመነ ይሰፋ የነበረው እሱ ነው። ሕጉም የእሱ ነበር፤ ቁራጭ ያዋጣ ጠርዙን ይይዛል፣ ጠርዙን የያዘ ይናገራል። ከመዳፍ የሚበልጥ ግን ከማንም አይቀበልም። እማዬ የእሱን የሸሚዝ ኪስ ፈትታ ሰጠችኝና ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናውን ከፍቼ ጨርቁ መሀል ላይ ሰፋሁት።

እሑድ ዕለት ለምርጫ የሚወዳደረው ፓርቲ ሰብሳቢ መጡ። ድምፃቸው ከእግራቸው ቀድሞ ስለሚገባ ሰፈሩ «ጎርናናው» ይላቸዋል። እማዬን ካጽናኑ በኋላ አልጋ የሚያለብስ ባንዲራቸውን ዘረጉና፣ «እናቴ፣ ሰልፍ ብቻውን ጩኸት ነው፤ ምክር ቤት ገብቶ የሚናገርለት ያሻዋል። ይህ መሀሉ ላይ ይሰፋ፤ የልጅዎ ደም በከንቱ አይቅር» አሉ። እኔስ በልቤ እውነታቸውን ነው ብዬ ነበር፤ ጮኸን ጮኸን ቧንቧው መች ተነፈሰ? ጎረቤታችን ልብስ አጣቢዋ ግን፣ «በዱላው ቀን ያላየናችሁ፣ ዛሬ ቤቱን ማን አሳያችሁ?» ብላ ሳቀችባቸው።

እማዬ አልሳቀችም። ቀስ ብላ፣ «መሀሉ የልጄ ነው። እናንተም እንደ ሰው መዳፍ የምታህል ስጡ፤ ጠርዝ አለን» አለችና መቀሱን አቀበለቻቸው። እትዬ፣ የቢሮ ጸሐፊ ፊት እንኳ ቃል የሚጠፋት እማዬ!

ተቆጥተው የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ባንዲራውን አዩት፣ ኪሱን አዩት። ከዚያ ጥጉን ቆረጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ከልብስ አጣቢዋ የሽርጥ ቁራጭ ጎን ሰፋሁት።

ረቡዕ ወጣን። ጨርቁ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ጎርናናው ጠርዛቸውን ይዘው፣ ተራቸውን ጠብቀው ተናገሩ። ነፋስ ሲገባበት ኪሱ እንደሚተነፍስ ደረት ከፍ ዝቅ አለ፤ ይሄኔ ማንም ሳያዘን ሁላችን ዝም አልን። ያን ያህል ሕዝብ ዝም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የጫማ ኮቴ ብቻ! እስካሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ከምርጫው በኋላ ጎርናናው ጠርዙን ይለቁት ይሆን ብዬ ብጠይቅ ልብስ አጣቢዋ፣ «ቢለቁትም ቁራጫቸው እኛ ጋ ነው፤ ሲያልፉ እናሳያቸዋለን» አለችኝ።

እማዬ ትስምሻለች። ልብስ አጣቢዋም ውሃ ሲመጣ የትንሿን ልብስ በነጻ አጥባለሁ ብላለች። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ከኪሱ ጎን ያለውን ቦታ ብዙ ሰው ጠይቆኝ ለማንም አልሰጠሁም። ከጠበባት ልብሷ የእሷን መዳፍ የምታህል ቁረጪና ላኪልኝ። አጎቷን ሳታየው ቀረች፤ እዚያ እንኳ ጎን ለጎን ይሁኑ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከወንድም ጋሼ የስፌት መኪና አጠገብ፣ ጥር ፲፬ ቀን