በሁለት የማይሸፈነው

ይድረስ ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ግዊሱን፣

የበርሊን ብርድ እንዴት ይዞሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እዚህ ኮሪያ፣ ቴጆን ደህና ነን። የዘንድሮውን የኪምቺ ጎመን ብቻዬን ነው ያሸሁት፤ ባለቤቴ ቴጉን ሥራ በዝቶበታል።

ያ የሒሳብ ጥያቄያችን ዛሬም አልተፈታም። አንድን ሞጁል፣ ያን የሒሳብ ስብስብ፣ በውስጡ ባሉና ከእሱ በሚያንሱ ንዑስ ሞጁሎች ክፍተት ሳይቀር ለመሸፈን ስንት ይበቃሉ የሚለው። ድሮ እኔና ቴጉን ሰሌዳ ስር እየተጨቃጨቅን ነበር የምንሠራው። አሁን ቦራም የምትባል አዲስ መምህርት አብራው ትሠራለች። ጎበዝ ናት ይላሉ። እኔ እንኳ ያን ያህል አላየሁባትም።

ያን የጃፓን ጠመኔ ታስታውሺዋለሽ? ፋብሪካው ሲዘጋ ቴጉን ያከማቸውን፣ ለእኔ ለሚስቱ እንኳ ስባሪውን ብቻ የሚሰጠኝን? ትናንት ምሳ ይዤለት ዩኒቨርሲቲው ብሄድ ቦራም ሙሉውን ጨብጣ ትጽፋለች።

«ምነው፣ ጠመኔው ረከሰ እንዴ?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! በስባሪ ይሠራል እንዴ?» አለኝ።

እሷ ሳቅ ብላ፣ «እትዬ ዮንሱክ፣ ሁለት ንዑስ ሞጁሎች እኮ መቼም ሙሉውን አይሸፍኑም፤ ቢያንስ ሦስተኛ ያስፈልጋል» አትለኝም! እኔን ልታስተምር! ይህንንማ ጀማሪ ተማሪ ያውቀዋል። ደግሞ እትዬ ብሎ ነገር ምንድን ነው? መቼ ነው እህትማማች የሆንነው?

ቤት ሲገባ ኮቱን ተቀብዬ አራገፍኩለት። የጠመኔ ብናኝ ነበረበት፤ ጀርባው ላይ፣ የራሱ እጅ በማይደርስበት ቦታ።

በይ እንግዲህ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ጤናሽን ጠብቂ። ለመሆኑ የእንግዳ አልጋሽ አሁንም አለ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ታናሽሽ ዮንሱክ