ማርያም የሳመቻት አሥር ብር

ላሊበላ፣ ጥር 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ እጮኛዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንደምን ነው? እኔም፣ አባቴም፣ ያ አንተን ሲያይ የሚያጓራው በሬያችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀበሌያችን ደብዳቤ ሁሉ በአብዮታዊ ሰላምታ ይጀመር ብሏል። እኔ ግን በናፍቆት ሰላም ብልህ ይሻለኛል።

ደብዳቤህን የጋሸና ሹፌሮች አደረሱልኝ። መጀመሪያ በደስታ አነበብኩት፤ ስደግመው ግን እጄ ጉንጬ ላይ ነበር። አንተው የሰጠኸኝን አሥር ብር መስከረም ላይ ለመጣው ፈረንጅ ሸጬ፣ በገንዘቡ አዲስ አበባ መጥቼ፣ ጉንጬ ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት ሐኪም እንዲያጠፋልኝ ነው የጻፍህልኝ። ከሠርጉ በፊት ቢሆን ይመረጣል ብለሃል። የመሥሪያ ቤት ጓደኞችህ ሚስቶች እንዴት እንደሚያማምሩም ጽፈሃል።

እዚህ አስተማሪ ሳለህ አሥር ብሯን ከደመወዝህ መሃል ያገኘሃት ጊዜ ትዝ ይልሃል? በቀኝ በኩል ተራ ቁጥሩ ታትሞ በግራ በኩል ባዶ ቀርቶ፣ ባለሱቋ አሲያ የውሸት ናት ብላ መለሰችብህ። አንተም ስቀህ ለእኔ ሰጠኸኝ። እሷም እንዳንቺ ማርያም ስማታለች፣ ከሺህ ብር መሃል ብትገባ አትጠፋኝም አልከኝ። ያን ቀን ጉንጬን በነጠላ ሳልሸፍን ገበያ ወጣሁ።

መስከረም ላይ አስጎብኚው ባዘዘው ይዞት የመጣው፣ የየአገሩን ብር እየገዛ የሚያጠራቅመው ፈረንጅ ምን እንዳለ ጽፌልህ ነበር። ምንም ባይጎድላት አሥር ብር ናት፤ ማተሚያው ስለሳታት ግን የበሬ ዋጋ ታወጣለች። ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። ጉድለት ሁሉ እኩል አይደለም ብሎናል። ከማተሚያ ቤት ይዛው የወጣችው ጉድለት ዋጋ አለው፤ በኋላ ሰው የቀደደው፣ የፋቀው ወይም የጨመረበት ግን ያረክሳታል። ለገና ተመልሼ እወስዳታለሁ ብሎ ሄደ።

አባቴን ታውቃቸዋለህ። ቁም ጸሐፊ አይደሉ? ግድፈት አይተው አያልፉም። የተዋሱት ዳዊት ውስጥ እንኳ የጎደለች ፊደል ካገኙ፣ ሳይጠየቁ ሞልተው ነው የሚመልሱት። ሽማግሌ ስትልክ የጻፍከውን ወረቀት አርመው መልሰውልህ የለ!

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት አሥር ብሯን ከሣጥን አውጥቼ፣ ከሚጽፉበት ብራና አጠገብ፣ ከቀለም ቀንዱ ጎን አስቀመጥኳት። ከዚያ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ስመለስ አባቴ ብርዓቸውን እየጠረጉ ነበር። ልጄ፣ ማተሚያ ቤቶቹ ይህን ሁሉ ብረት ይዘው አንዲት መስመር ቁጥር መጻፍ አቃታቸው? አሉኝ። በግራ በኩል የነበረው ባዶ ሞልቷል። ቀለሙ ያው፣ ውፍረቱ ያው። አሲያ እንኳ አይታ አሁን ገና ብር ሆነች አለች። ለምን እዚያ እንዳስቀመጥኳት አባቴ አልጠየቁኝም፤ አንተም አትጠይቀኝ።

ፈረንጁ ለገና መጣ። በማጉያ መነጽሩ አገላብጦ አይቷት ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ባዘዘው ተቆጣ፤ ኧረ በላሊበላው፣ በሬ እኮ ነው ያረድሽ! አለኝ። አባቴ ምን እንዳደረጉ ሲገባቸው በጣም አዘኑ። እንዳይጸጸቱ ብዬ የሐኪሙን ነገር ነገርኳቸው። ብርዓቸውን አስቀመጡና፣ ማርያም የሳመችውን በምን ይፍቁታል? ብለው ጠየቁኝ። አልዋሽህም፣ ፈረንጁ ሲሄድ ቀለል አለኝ። ቆይቶ ደግሞ አለቀስኩ፤ በፈረንጁ ግን አይደለም።

አሥር ብሯ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለችልህ። እንከን የላትም፤ የትኛውም የአዲስ አበባ ሱቅ ይቀበልሃል። ከሌሎች አሥር ብሮች ጋር ኪስህ ክተታትና፣ አንድ ቀን አውጥተህ ፈልጋት። ለይተህ ካወቅሃት ጻፍልኝ፤ ጌሾ መውቀጥ እጀምራለሁ። ካልለየሃት ግን ሽማግሌዎቹን አታድክም፤ ዘርዝረህ ሻይ ጠጣባት። አልቀየምህም።

ቅዱስ ላሊበላ በሄድክበት ይከተልህ፤ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ባልንጀራ ይሰውርህ። አባቴ በእግዚአብሔር ስም ሰላም ብለውሃል፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዲያርሙት አልሰጠኋቸውም።

ጉንጯ እንደነበረ ያለው፣
እጮኛህ