አዛውንቱ ኦርዳባይና ከመንገዱ ማዶ ያለው ማደያ

በእኛ ዘንድ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ የሟቹ ምራት ስለሆንኩ፣ ስማቸውን ከጎኔ የቆመው ባለቤቴ ቤይባርስ ይጠራልኛል። በል ጥራ። ኦርዳባይ ሳጊንዲቁሊ። ተባረክ። ከዚህ በኋላ እኔ አባባ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አባባ ከአባታቸው ከጉድጓድ ቆፋሪው ሳጊንዲቅና ከእናታቸው ከባልዛን እ.ኤ.አ. በ1951 በዶሶር ተወለዱ። አገሩ ከግመልና ከድፍድፍ ነዳጅ ሌላ የሚያበረክተው ስላልነበረው፣ ልጅነታቸው ግመል ሲጠብቁና ከልብሳቸው ላይ ድፍድፍ ሲያስለቅቁ አለፈ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1973 የመንግሥት ነዳጅ ማደያ ኃላፊ ሆኑ። ያኔ ማደያው አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ባለቤቱም አንድ መንግሥት ነበር። የማያልቀው ሰልፉ ብቻ ነው። አባባ ያን ዘመን ሲያነሱ፣ «ደግ ዘመን ነበር! ደንበኛው ይለምንሃል እንጂ አንተ አትለምነውም» ይሉ ነበር።

በ1976 ከእማማ ኩልሻት ጋር ጋብቻ መሥርተው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። መንግሥቱ ሲፈርስና ሁሉም የየራሱን ንግድ ሲጀምር፣ ያላቸውን ግመሎች ሸጠው በ1995 በአውራ ጎዳናው ዳር የራሳቸውን ማደያ ሠሩ። በምርቃቱ ዕለት በግ ታርዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሪባኑን ሊቆርጡ መቀሱን ቢያነሱ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሪባን ፊት፣ መቀስ አንስቶ ቆሟል። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ግንባታ ሲያዩ «የጎማ ጥገና ቤት ነው» ብለው ነበር የናቁት። አባባ በገዛ ማደያቸው አንዲት ቀን እንኳ ብቻቸውን ሳይሸጡ የቀሩት እንዲህ ሆኖ ነው።

ያ የማዶው ሰው ዱይሰንጋሊ ይባላሉ። አባቴ ናቸው፤ የወለዱኝ።

እንግዲህ እኔ ያደግኩት አባባን «የማዶው ሌባ» እያልኩ ነው። ሁለቱም ነዳጅ የሚገዙት ከአንድ ዴፖ ነበር፤ በአካባቢው ሌላ አከፋፋይ የለማ! ያው ቦቴ ይመጣና ግማሹን እዚህ ይገለብጣል፣ መንገዱን ይሻገርና ቀሪውን እዚያ። አባባ ግን ደንበኛን ትከሻውን ይዘው፣ «የኔ ቤንዚን እንባ ነው የሚመስለው። የዚያ ሰውዬ የግመል ሽንት ነው» ይሉት ነበር። አባቴ በበኩላቸው ይሉት የነበረው በቀብር ላይ የሚነበብ አይደለም።

ዋጋው በቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ በሚንጠለጠሉ ቁጥሮች ይለጠፍ ነበር። አባባ የማዶውን ሰሌዳ የሚያዩበት የጦር ሜዳ መነጽር ገዙ። አባቴም ገዙ። አንደኛው ከሊትሩ ዋጋ ላይ አንድ ተንጌ ሲያወርድ ሌላኛው ሻዩን ሳይጨርስ ያወርዳል። በ2003 እልኹ ብሶ ሁለቱም ከገዙበት በታች መሸጥ ጀመሩ። ከአክታው ከተማ ድረስ በርሜል የጫነ ሰው ይጎርፍ ጀመር። የአገሩ ሾፌር ሁሉ ሲመርቃቸው እኛ ቤት ሥጋ ቀረ፤ እነአባባም ቤት ያው ነው። አባባ ያቺን ምኞታቸውን የተናገሯት ያን ሰሞን ነው፦ «አንድ ቀን! አንዲት ቀን ብቻ የሱ ተዘግቶ የኔ ክፍት ይሁንና ሁለት ተንጌ ጨምሬ ልሽጥ። ከዚያ ሞት ይምጣ!»

ከዕለታት አንድ ቀን ግን በሁለቱም ሰሌዳዎች ላይ አንድ ዓይነት ዋጋ ተሰቀለ፤ ከፍ ያለ፣ የሚያበላ ዋጋ። ሰነበተም። ይህን ጊዜ ከከተማ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መጣና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «ሁለት ማደያ፣ አንድ ዋጋ፣ በአንድ ጠዋት! ተመሳጥራችኋል» አላቸው። ጥፋቱ ከተገኘ ሁለቱም ማደያዎች ሊዘጉ ነው።

አባባ ከወንበራቸው ተነሱ። «እኔ? ከዚህ ጋር? የኔ ጌታ፣ እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር የምስማማው ሲሞት መቃብሩን የት እንቆፍርለት በሚለው ብቻ ነው!»

«ስማ!» አሉ አባቴ፣ «እኔ ካንተ ጋር ከምመሳጠር ከተኩላ ጋር ብመሳጠር ይሻለኛል። ተኩላ እንኳ ሲጠግብ ይሄዳል!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው? የቅድመ አያት ስም ተነሳ፣ የግመል ስርቆት ተነሳ፣ የአባቴ ጆሮ እንኳ ሳይቀር ተነሳ። ቃል መዝጋቢዋ እጇ ዝሎ ብዕሯን አስቀመጠች። ተቆጣጣሪውም ላቡን ጠርጎ፣ «በእንዲህ ያለ ጥላቻ መሐል ስምምነት ሊኖር አይችልም» ብሎ በነፃ አሰናበታቸው።

ጎበዝ ሰው ነበር፤ ሚስቶቻቸውን ግን አልጠየቀም። እማማ ኩልሻትና እናቴ በወተት ሻይ ላይ ተቀምጠው ዋጋውን ቆርጠው ነበር። ከዚያ በየቤታቸው ገብተው ትርፍ ቁጥሮቹን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀበሯቸው። ባሎቻቸው ጠዋት ሲነሱ የሚሰቅሉት ሌላ ቁጥር አጡ። ማዶ ሲያዩ ግን ያኛውም ዋጋ ስለጨመረ እያንዳንዳቸው «ተሸነፈልኝ!» ብለው ደረታቸውን ነፉ። ከምርመራው በኋላ ግን ሴቶቹ ለመጫወቻ ያህል አንዲት ተንጌ ወደ ላይ፣ አንዲት ተንጌ ወደ ታች የሚያደርሱ ቁጥሮች መለሱላቸው።

በዚያ ሻይ ላይ የተቆረጠው ዋጋ ብቻ አልነበረም። እኔና ቤይባርስም ተቆረጥን። በእርግጥ ከዚያ በፊትም በአባቶቻችን መነጽር ስንተያይ ነበር።

ሠርጋችን በ2006 ሆነ። ተቆጣጣሪው ወሬውን ሰምቶ «ይሄማ የድርጅቶች ውህደት ነው!» እያለ በረረ፤ ደርሶም በሁለቱ አማቾች መሐል አስቀመጥነው። ለክቡር እንግዳ የሚሰጠው የበጉ ራስ ለማን ይቅረብ በሚለው ሁለቱ ጎራ ሊማዘዙ ሲሉ፣ እማማ አንስተው እሱ ፊት አኖሩት። የበጉን ጆሮ እንደ ወጉ ለልጆች ቆርጦ እየሰጠ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ፋይሉም ዳግመኛ አልተከፈተ። «ሙሽራ ለመቶ ዓመት፣ አማች ለሺህ ዓመት» ተብሎ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሕዝብ ፊት ተቃቀፉ። በማግስቱ ማለዳ አባባ አንድ ተንጌ አወረዱና መነጽሩን ለኔ ለሙሽሪት ሰጡኝ፤ «ልጄ፣ አባትሽ ምን እያደረገ ነው? እይልኝ እስቲ።»

እንዲህ እየተባለ ዓመታት አለፉ። ባለፈው መከር አባባ የልብ ድካም ያዛቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። አባቴ በየጁምዓው የግመል ወተት ይዘው ይመጡ ነበር። አባባ ከሰላምታ በፊት፣ «ዛሬ ስንት ነው የምትሸጠው?» ይላሉ።

«ተነስተህ እይ!» ይላሉ አባቴ።

መነሳት እንዳቃታቸው ሲያዩ ግን፣ አባቴ የሰሌዳቸውን ምሰሶ ነቅለው ከማደያችን አጠገብ ባለው ቤት አባባ በተኙበት መስኮት ትይዩ ተከሉት። ሰሌዳው ለመኪናው መንገድ ጀርባውን ሰጠ። ደንበኛ ቢያልፋቸው ግድ አልነበራቸውም። ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ብጠይቃቸው፣ «እንዲናደድ ነዋ! ሲናደድ ደሙ ይሞቃል» አሉኝ።

አባባ በመጋቢት 2023፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ፊታቸውን ወደዚያ ሰሌዳ እንዳዞሩ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አንድ ኑዛዜ ትተዋል፦ «ስቀበር ማደያዬ እንዳይዘጋ። ያ ሰውዬ ደንበኛዬን ይወስድብኛል።»

እንዴት አድርገን እንክፈተው? ቀጂዎቻችን ሁሉ እዚህ ቆመው እያለቀሱ ናቸው። ብዙዎቻችሁም አባቴን በዓይናችሁ ስትፈልጉ አይቻለሁ። «ለቀብሩ እንኳ!» ብሎ ያጉረመረመም አለ። ስሙኝማ፣ አባቴ እዚህ የሌሉት ዛሬ ጠዋት ማደያቸውን በሰንሰለት ዘግተው፣ የሰሌዳቸውን ቁጥሮች አውርደው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ የአባባን ቆብ አጥልቀው በአባባ ፓምፕ እየቀዱ ስለሆነ ነው። የጀመሩትም ዋጋውን ሁለት ተንጌ በመጨመር ነው። ቤይባርስ፣ «አባባ ዱይሰንጋሊ፣ ሰው ያማርራል እኮ» ቢላቸው፣ «ያማርር! ብቸኛ ሻጭ ዋጋ ሳይጨምር የት አይተሃል? አባትህ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይችን ቀን ጠብቋል» አሉት። እንባቸውን በቆቡ ጠረጉና ለሚቀጥለው መኪና ቀዱ።

አባባ ባለቤታቸውን እማማ ኩልሻትን፣ ሦስት ልጆችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንና አንድ አማች ትተዋል። አሁን ኢማሙ «በሟቹ ላይ ዕዳ የሚጠይቅ አለ ወይ?» ይሏችኋል። ስትመጡ ከኛ ማደያ የቀዳችሁ በሁለቷ ተንጌ አትጠይቋቸው፤ ሐላል በሏቸው። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው፣ አፈሩንም ያቅልልላቸው። አባቴ እስኪመጡባቸው ድረስ፣ ለአባቴም ዕድሜ ይስጥልኝና፣ እዚያም ብቻቸውን ይሽጡ።