ለወንበር የምንቆጠር፣ ለድምፅ የማንቆጠር

ስቶክሆልም፣ ኅዳር 1959 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገብረ ወልድ ሀዲስ፣
የ«ብሩህ» ተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፤

ገና በዘጠኝ ሰዓት በሚመሽበት በዚህ ወር ጤናዎ፣ በተለይም ጉሮሮዎ እንደምን ሰንብቷል? የዘጠኝ ሴቶችን ድምፅ በላይዎ ተሸክመው ስለሚዞሩ፣ እርስዎን ጉንፋን በያዘዎ ቁጥር እኛ እንጨነቃለን።

እኔ ሸዋዬ ወልደ አማኑኤል፣ የነርስነት ተማሪና አዲሱን መተዳደሪያ ደንብዎን በስቴንስል የተየብኩልዎ ሴት ነኝ። ባለፈው ጸደይ ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት አመሠራረት ሦስት እሑድ ሙሉ ያስተማሩበትን መጽሐፍ፣ የስሞቹን አጻጻፍ እንዳይበት አውሰውኝ ነበር። እኔ ግን ከሄሰልቢ በቱነልባና፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ስመላለስ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ይህን ያህል ስላልተፈቀደልኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ እነዚያ የመጽሐፉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላዴልፊያ የተላኩት ግዛቶቹን ያስተሳሰረውን አሮጌ ውል እንዲጠግኑ ነበር። በዚያ ሙቀት በርና መስኮት ዘግተው ከርመው አዲስ መንግሥት ይዘው ወጡ። እርስዎም የስብሰባ ሰዓት የሚለውን አንቀጽ እንዲያስተካክሉ ብንልክዎ፣ ሃግሴትራ ያለውን ቤትዎን አራት ቀን ዘግተው አዲስ ደንብ ይዘው ብቅ አሉ። እነሱ የጻፉትን በየግዛቱ ጉባኤ አቅርበው አስጸደቁ፤ እርስዎ ደግሞ ከጸደቀ በኋላ እንድናነበው ፈቀዱልን። ስለ ቀልጣፋ አሠራርዎ ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ እነሱ ሥልጣንን ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኛ ብለው ለሦስት የከፈሉት አንዱ ሌላውን እንዲይዘው ነው። እርስዎም ለሦስት ከፍለው፣ ሰው እንዳይቸገር ብለው ሦስቱንም ራስዎ ያዙት። ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ያለውን ሕግ ሁለት ሦስተኛው እንደራሴ ሊያጸድቀው ይችላል የምትለው መስመር ከደንብዎ ውስጥ የለችም። የትየባ ስህተት መስሎኝ ደንግጬ ረቂቅዎን ደግሜ አየሁት፤ ስህተቱ የእኔ አይደለም።

ሦስተኛውን ስጽፍ ጨዋነቴ እንዳያልቅብኝ እፈራለሁ። የደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎች ባሪያዎቻቸው ድምፅ እንዲሰጡ አይፈልጉም ነበር፤ የእንደራሴ ወንበር ሲደለደል ግን እንደ ሰው እንዲቆጠሩላቸው ፈለጉ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው አምስቱ ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠር ተባለ፤ ትርፉም የጌታው ወንበር መብዛት ነበር። ራሴን ከእነዚያ ምስኪኖች ጋር አላስተካክልም፤ እኛን ማንም አልሸጠንም። እርስዎ ግን እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ በንዴት ጠረጴዛውን መትተው፣ እኛም ቆመን አጨብጭበንልዎ፣ ከዚያ ያንኑ ሐሳብ ወስደው አንቀጽ ዘጠኝ አደረጉት። ሴት አባላት የሆስፒታል ተራ ስላለባቸው በአባልነት ይቆጠራሉ፣ ድምፅ ግን አይሰጡም። አዳራሹን የሚሰጡን ሰዎች ቢያንስ ሃያ አባል ይፈልጋሉ፤ ወንዶቹ አሥራ አራት ናችሁ። እንዲያውም ከአሜሪካኖቹ እርስዎ ይሻላሉ፤ እያንዳንዳችንን ሙሉ ሰው አድርገው ቆጥረውናል።

ምክንያቱን ብጠይቅዎ ፈገግ ብለው «እህቶቻችን ይቆጠራሉ፤ የድምፁን ሸክም እኛ እንሸከምላቸዋለን» አሉኝ። እኔም ተየብኩት። በገዛ ጣቴ ተይቤ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባለፈው እሑድ የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፤ ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለማያውቁት ልናገር። እህታችን አጸደ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት፣ ሳታገባ አረገዘች። የነጻ ትምህርቱን ዕድል የሰጧት ሰዎች ትቀጥል ወይስ ወደ አገሯ ትመለስ ብለው የማኅበሩን አስተያየት በጽሑፍ ጠየቁ። ስድስት ወንዶች ትቀጥል ብለው እጃቸውን አወጡ፤ ስምንቱ ስማችንን አሰድባለች፣ ትሂድ አሉ። እኛ ዘጠኛችን፣ አጸደ ራሷም ጭምር፣ በእኛ ቁጥር በተገኘው አዳራሽ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈን፣ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ተመለከትን። ብናወጣው ኖሮ አሥራ አምስት ለስምንት ነበር። አጸደን እስከ ቱነልባናው ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት፤ በጣም ተናደድኩ።

የማኅበሩ መልስ ረቡዕ ይላካል። የፊላዴልፊያዎቹ ሰዎች ብዙ ቢያጠፉም፣ ጥፋታቸው የሚታረምበትን አንቀጽ መጻፍ አልረሱም። እርስዎም አልረሱም፤ በአንቀጽ አሥራ ሁለት ማሻሻያ የሚያቀርበው ሊቀ መንበሩ ብቻ ነው ብለዋል። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ብቸኛው ሰው እርስዎ ነዎትና፣ ማክሰኞ ማታ አባላቱን ጠርተው አንቀጽ ዘጠኝን እንዲሰርዙና ድምፁ እንደገና እንዲሰጥ እጅ ነስቼ እለምናለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ካሉም መልሱን የሚተይብልዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ለሦስቱም የሥልጣን ወንበሮችዎ ለየብቻ እጅ እየነሳሁ፣ ከመላ አክብሮት ጋር፣

ከሃያ ሦስቱ አንዷ፣
ሸዋዬ ወልደ አማኑኤል

ማስታወሻ፦ ትሂድ ብለው ከወጡት ስምንት እጆች አንዱ የልጁ አባት እጅ ነበር። አጸደ ስሙን ነግራኛለች፤ እንዳልጽፈው ስላስማለችኝ አልጽፈውም። ማክሰኞ ግን ከኋላ አልቀመጥም፤ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።