«ሁሉም ደህና ነው» ያልክበት ቀን

ውድ የናጃህ አባት፣

አፍህን የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለናጃህም፣ ለእናትህም፣ ለቅሶ ላይ እጄን ይዘው «ምን ነክቶት ነው እንዲህ የነዳው?» ላሉኝም።

ከምትሠራበት ከተማ ፈቃድ ወስደህ ቡታጅራ የመጣህ ጊዜ ነው። ጣሪያ በሌለው አዲሱ ቤታችን ውስጥ ቆመን ግድግዳውን ስናይ፣ «የምነዳው ባቡር ዝናብ ሲመታው ፍሬኑ አይዝም። ለአለቃዬ ደጋግሜ ነገርኩት፤ አልሰማኝም። በሚመጣው ሳምንት የምክር ቤት አባላት ይጎበኙናል፤ ለእነሱ እናገራለሁ» አልከኝ።

ለእኔ የታየኝ አረፋ ነው። ወንድሞችህ ከያሉበት ለበዓሉ ሲገቡ፣ ቤቱ እንዲሁ አፉን ከፍቶ ሲጠብቃቸው።

«ከዚያ ሁሉ ሾፌር አፍ ያለህ አንተ ብቻ ነህ? ሥራህን ብታጣ ዘመድህን የት ላስቀምጠው ነው? በናጃህ ይዤሃለሁ፣ ዝም በል።»

ሳቅህ መጣ። «ከባቡሩ የጠፋው ፍሬን ለካ አንቺ ጋ ነው!» አልክ። ግን በናጃህ ከያዝኩህ በኋላ እንቢ ብለኸኝ አታውቅም።

የጉብኝቱ ዕለት ደወልክ። «ጠየቁኝ። አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሁሉም ደህና ነው አልኳቸው።» እኔም «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። በዚያች ቃል ያመሰገንኩት ስለ ምን እንደነበር አሁን ሳስበው ያመኛል።

ክረምት ሲገባ ባቡሩ ጣቢያው ላይ አልቆም ብሎ ተጋጨ። አንተና ሁለት ተሳፋሪዎች ሕይወታችሁ አለፈ። ከናጃህ መጻሕፍት ላይ ፊደል እየለቀምኩ ማንበብ ለምጄ ነበርና፣ ጋዜጣው ያወጣውን ራሴ አነበብኩት። «የአሽከርካሪው ስህተት» ይላል። አጥፌ አስቀመጥኩት።

ናጃህ አሁን እዚያው ከተማ ትማራለች። ወደ ትምህርቷ የምትሄደው በዚያው ባቡር ነው። ሰሞኑን ደውላ «እማ፣ ሲዘንብ ባቡሩ አሁንም ጣቢያውን አልፎ ነው የሚቆመው፤ እኛ እንስቃለን» አለችኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ስለዚህ እንደራሴያችን ወይዘሮ ቅድስት ሕዝቡን ለማነጋገር ቡታጅራ ሲመጡ አዳራሹ ገባሁ። ሰው ስለ ውሃና ስለ መንገድ ሲያወራ ቆየ። እጄን አወጣሁ።

«የባቡሩን ፍሬን የሚቆጣጠረው ማን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጎረቤታችን ሙስተፋ ከኋላ፣ «ጠይባ፣ መጀመሪያ ሀዲዱን እዚህ አጠገባችን እንሴኖ ድረስ አምጪልን፣ ከዚያ አብረን እንጠይቃለን!» አለ። ሌላው ደግሞ «የኔን ባጃጅ ፍሬንም ጨምሪበት!» አለ።

ወይዘሮ ቅድስት አልሳቁም። ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ያንተን ስም ነገርኳቸው፤ ፍሬኑ በዝናብ እንደማይዝ ነግረኸኝ እንደነበርም። ሙስተፋም አንገቱን ደፋ።

«አዝናለሁ» አሉኝ። «ከአደጋው በፊት በነበረው ጉብኝት እኔም ነበርኩ። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ጠይቀናል፤ ሁሉም ደህና ነው አሉን። ባለቤትዎ ችግሩን ካወቁ ለምን አልነገሩንም?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን «አላውቅም» ብዬ ተቀመጥኩ።

የናጃህ አባት፣ ያን ጊዜ በሁለተኛ ሞት ገደልኩህ። ለመጀመሪያው በአለማወቄ ላሳብብ እችል ይሆናል። ለዚህኛው ምንም የለኝም። የእኔን ጥፋት ሸፍኜ የአንተን ስም ማንጻት እንደማልችል እዚያ ወንበር ላይ ገባኝ። ለምን ዝም እንዳልክ ካልተናገርኩ ነገሩን የሚያምነኝ የለም፤ ያም ባቡር ናጃህን ጭኖ መሄዱን ይቀጥላል።

አሁን ሁሉንም ጻፍኩት። እንደራሴዎቹን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ለጉብኝት ሲሄዱ ቀኑን አስቀድመው አይንገሩ። ሾፌሩን አለቃው በሌለበት ያነጋግሩት። ሲቻልም ቤቱ ድረስ ሄደው ሚስቱን ይጠይቋት፤ እሷ ታውቃለች።

ናጃህ ትቆጣኝ ይሆናል። ትቆጣ። በሕይወት ሆና ትቆጣኝ።

ሐሙስ እንደራሴዎቹ ወልቂጤ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በጠዋቱ ሚኒባስ እሄዳለሁ። ይስቁ እንደሆን ይሳቁ፣ ቆሜ የጻፍኩትን እሰጣለሁ፤ ሲጠይቁኝም «አላውቅም» አልልም። አላህ ይዘንልህ፤ እኔንም ይቅር በለኝ።

ጠይባ፣ ባለቤትህ

እነዚህን ገጾች ከእጄ የሚቀበሉት፦ ወይዘሮ ቅድስት፣ ያን ዕለት «ሁሉም ደህና ነው» ያልካቸው።