ዛፉ ሥር ያገኘሁት ቀንድ

እሑድ፣ መጋቢት 14። ጠዋት ደመና፣ ከሰዓት ፀሐይ። አሠሪዬ ሲኞራ ልጃቸው ጋ ስለሄዱ እስከ ነገ ማታ ነጻ ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኛዬ ከዘውዴ ጋር ከሮም ወጣ ብሎ ወዳለው ጥብቅ ደን ሄድን።

አንድ ዛፍ ሥር የአጋዘን ቀንድ አገኘሁ። በእኛ አገር አጋዘን ከቀንዱ የሚለየው ሲሞት ነው። አዳኝ የገደለው መስሎኝ ለጥበቃው ላሳይ አነሳሁት።

በሩ ላይ ጥበቃው ሁለት ቀንድ የያዙ ሽማግሌ በገንዘብ እየቀጣ ነበር።

«በየዓመቱ ራሱ የሚጥለው ነው፤ ማንን ጎዳሁ?» ይላሉ ሽማግሌው።

«የወደቀውም የደኑ ነው። አይጦቹ ይግጡታል፤ ማውጣት ክልክል ነው።»

ደነገጥኩ። ዘውዴ ነጠላዋን ቀንዱ ላይ ጣል አድርጋ፣ ክንዴን ይዛ አሳለፈችኝ።

አውቶቡስ ውስጥ፣ «የመኖሪያ ፔርሜሶሽ ሊታደስ ገብቷል፤ ቅጣት አይመዝገብብሽ። ቲቡርቲና ጣቢያ ስንደርስ ቆሻሻ ውስጥ ጣይው፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ?» አለችኝ። «ካልሆነም ሲኞራሽ ኮት ይስቀሉበት።»

እሷ ሳቀች። እኔ ስለ ፔርሜሶዬ ፈርቻለሁ። ግን ልጠቁምበት ያነሳሁትን ነገር እንደ ሌባ ደብቄ አልጥልም። ነገ እመልሰዋለሁ።

ሰኞ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። ያው ጥበቃ ነበር። ቀንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ሳይጠይቀኝ ስሜን ነገርኩት። ትናንት የሆነውንም ነገርኩት።

«ከየት ነው ያነሳሽው?» አለኝ።

ይቅጣኝ አይቅጣኝ አልጠየቅኩትም። ከፊት ከፊቱ ሄጄ ዛፉን አሳየሁት። ቀንዱ የተኛበት ሣር ገና አልተነሳም ነበር። እዚያው ላይ መልሼ አጋደምኩት።