የሾላው ጥላ

ታኅሣሥ 2
የፀጉር ቤቱን ታፔላ ጨረስሁ። ባነር ከመጣ ወዲህ ቀለም የሚያስቀባ ሰው ጠፍቷል። ከሰዓት አደይ ብርኽቲ መጡ፣ የጓደኛዬ የሕሉፍ እናት።
«ወደይ፣ ልጄ፣ ጎሊና ወንዝ ዳር ያለውን ሾላ ሳልልኝ። ከነውሃው። ሕሉፍ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ያየዋል።»
እሺ አልሁ። ሌላ ምን ልበል?

ታኅሣሥ 4
ሕሉፍ አይመጣም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። በጦርነቱ ጊዜ ወንዙን ስንሻገር ተባራሪ ጥይት አገኘው። እዚያው ሾላው ሥር ቀበርሁት። ብቻዬን፣ ያለ ፍትሐት። የክረምቱ ጎርፍ የመቃብሩን ጉብታ ደለደለው።
መርዶ በሽማግሌ ነው የሚነገር፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። ያኔ ዘመድ ሁሉ ተበትኖ ነበር። ሲሰበሰብ ይነገራል አልሁ። ተሰበሰበ። እኔ ግን... «ይመጣል» ስላቸው አራት ዓመት ሆነኝ።

ታኅሣሥ 7
ውሃው እምቢ አለኝ። ሰማያዊ ብቀባው የሆቴል ግድግዳ መሰለ። ጠረግሁት። ቡናማ፣ ትንሽ አረንጓዴ፣ ከላይ ነጭ በደረቅ ብሩሽ። አሁን ፈሰሰ። ቅጠሉን ከጥቁር ጀምሬ ወደ ብርሃን ላወጣው ነበር፤ ጥቁሩ ላይ ቀረሁ። ደስ የማይል ሥዕል ነው።

ታኅሣሥ 9
ከግንዱ ሥር ያለውን ጥላ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።

ታኅሣሥ 11
አደይ መጡ። ቆመው ብዙ አዩት።
«ውሃውስ ራሱ ነው» አሉ። ቀጥሎ ጣታቸውን ከግንዱ ሥር አደረጉ። «እዚህ ግን ሜዳ ነው። ልብስ አጥቤ የማሰጣበት ነው። ጥላው ለምን ጎበጠ?»
ልብ አላልሁም ነበር። ጥላ በሜዳ ላይ ዝርግ ብሎ ነው የሚተኛው። እኔ ጉብታ ላይ አስተኝቼዋለሁ፣ የሰው ቁመት የሚያህል። እጄ የሚያውቀውን ሳለ።
ሥዕሉን ትተው ሄዱ።

ታኅሣሥ 12
ለገብረ ማርያም ነገርሁት፣ ለሕሉፍ አጎት። «አራት ዓመት?» አለ። ከዚያ በኋላ አላየኝም።

ታኅሣሥ 14
በማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድሁ። አደይ ብርኽቲ ጥቁር ለብሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።
«ልብስ ሳሰጣ የረገጥሁት ልጄን ነው?»
«አዎ፣ አደይ።»
ያን ጊዜ ነው የጮኹት።

ታኅሣሥ 15
ዘመዶቹ አጽሙን ሊያወጡ ሄዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊያሳርፉት። እኔ እንዳልደርስ ብለዋል። ይገባኛል... ሳይሄዱ ቦታውን በምን ታገኙታላችሁ ብል፣ ገብረ ማርያም ሥዕሉን ከቤቴ አንሥቶ ወጣ።